እናቴ ያመጣችልኝ ኮሚኒስት

እናቴን ወደ ዘማቾቹ ካምፕ የላክኋት እኔው ነኝ። ዘመቻው ታውጆ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየገጠሩ ሲበተኑ፣ የተወሰኑት መካነ ሰላም መጥተው ከገበያው በላይ ካለ ግቢ ሰፍረው ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ሴት ልጅ ብቻዋን ጎረምሶች ወደ ሰፈሩበት ድርሽ አትልም ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። እናቴ ግን ገበያ ስትሄድ መንገዷ ነው።

«እግረ መንገድሽን ጎራ በይና፣ ለልጄ የግል አስተማሪ የሚሆን ኬሚስት አላችሁ ወይ በያቸው» አልኳት።

«ምን ልበል?»

«ኬሚስት። ኦርጋኒክ የሚባለውን የሚችል ከሆነ ደግሞ እሰየው።»

«ኦርጋኒኩን ተይልኝ። ኬሚስቱን እይዘዋለሁ፣ አብሽሪ» ብላ ወጣች። ኬሚስት፣ ኬሚስት እያለች ስትሄድ ከአጥሩ ማዶ ይሰማኝ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደጨነቀኝ ልናገር። ደሴ አስራ ሁለተኛ ክፍል እየተማርኩ ሳለ ያ ክፉ ቀን መጣ። በሬዎቻችን አለቁ፣ እናቴ ታመመች፣ እኔም ትምህርቴን ጥዬ መካነ ሰላም ገባሁ። ከከተማው ዳር መጠለያ ተሠርቶ ከየቆላው የተረፈው ሕዝብ ሲጎርፍ፣ አባቴ እዚያው ፍትሐት ያደርሳሉ፣ እኔ በሽተኛ የሚያክመውን ድሬሰር አግዛለሁ። መድኃኒት ያለቀ ቀን ድሬሰሩ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥና አባቴ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቆሙ አየሁ። ያን ጊዜ ነው መድኃኒት ቀማሚ ካልሆንኩ ብዬ ምዬ የተነሳሁት።

እናቴ ዳነች፣ ዝናቡም ተመለሰ። እኔ ግን ከትምህርት ቤት መዝገብ ወጥቻለሁ፤ ማትሪክን መፈተን የምችለው በግል ተመዝግቤ ብቻ ነበር። በዚህ መሃል ከወግዲ ሽማግሌ መጣ። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው አሉ፣ እኔ ምን አገባኝ! አባቴ አስበው አስበው ፈረዱ፤ ፈተናውን ካለፍሽ ትማሪያለሽ፣ ከወደቅሽ ወግዲ ትዳሪያለሽ። ሌላውን ትምህርት ብቻዬን እወጣዋለሁ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ግን አንድም ቀን ሳልማረው ነው የወጣሁት፤ መጽሐፉን በከፈትኩት ቁጥር እንቅልፌ ይመጣል፣ ወግዲ ትዝ ሲለኝ ደግሞ እንቅልፌ ይጠፋል።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ፊቷ በርቷል። «ሰጡሽ! እንዴት እንደተደሰቱ ብታይ፣ ተነስተው አጨበጨቡልኝ» አለችኝ። ኬሚስት ስለጠየቀች ለምን ይጨበጨብላታል ብዬ አላሰብኩም። ሰው በሚፈልገው ነገር ላይ ጥያቄ አያበዛም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ቀጭን ነው፣ ጎፈሬው ከእሱ ይከብዳል፣ የዘማች ካኪው ትከሻው ላይ ሊወልቅ ደርሷል። እናቴን እጇን ጨብጦ «እናታችን፣ ንቃትዎ አኩርቶናል!» አላት።

«እኔ ወትሮም በዶሮ ጩኸት ነው የምነቃ» አለች እናቴ።

ከዚያ ተቀምጦ ስለ መደብ ጀመረ። ጨቋኝ፣ ተጨቋኝ፣ ትርፍ፣ ጉልበት። አባቴ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ያዳምጣሉ። እኔ መግቢያው ይሆናል ብዬ ታገስኩ። መግቢያው አላልቅ አለ። ጀርመን ደረሰ፣ ሩሲያ ደረሰ፣ ካርቦን የሚባል ነገር የለም።

«ኧረ በማርያም፣ ኦርጋኒኩ መቼ ነው የሚጀመረው?» አልኩት።

«የምን ኦርጋኒክ?»

«ኬሚስት አይደለህም እንዴ?»

«እናትሽ እኮ ለልጄ ኮሚኒስት ስጡኝ ብለው ነው የመጡት።»

ወደ እናቴ ዞርኩ። «ታዲያ ያልሽኝን ነው ያልኩ! ኮሚኒስት አላልሽኝም?» አለች ቆጣ ብላ። መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሰላምታ ስትለዋወጥ ቃሉ ተቀይሮባት ኖሯል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ያ ሌላው ቃል ነበር በየሰው አፍ የሚዞረው። ተስፋዬ ሁሉ ሲናድ ተሰማኝና እዚያው ፊታቸው አለቀስኩ።

እሱ ግን ጠጋ አለና «ኦርጋኒክ ነው ያልሽው?» አለኝ። ድምፁ ተቀየረ። ለካ ዘመቻው ሲመጣ ያቋረጠው ትምህርት ኬሚስትሪ ነበር፤ ሦስተኛ ዓመት። አገር ቤት ከገባ ወዲህ ስለ ኬሚስትሪ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እናቴ ይህን ስትሰማ ጎረምሳውን ሳይሆን እኔን በድል ዓይን አየችኝ። ኮሚኒስት ብላ ጠርታ ኬሚስት ማምጣቷን እስከ ዕለተ ሞቷ በራሷ ብልሃት ያደረገችው ይመስላት ነበር።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። «የግል ትምህርት ግን አልሰጥም» አለኝ። «መሬቱን ከግል አውጥተን ለሕዝብ እያደረግን፣ እኔ ለአንዲት የመሪጌታ ልጅ በግል ላስተምር? ጓዶቼ ምን ይሉኛል? የግል የሚባል ነገር ቀርቷል።»

ደሜ ፈላ። «እኔ ራሴ ተፈታኝነቴ በግል ነው። ፈተናዬንም ልትወርሱት ነው?»

ይሄን ስለው ሳቀ፤ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው። ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ መላ አገኘ። የውይይት ክበብ ይባላል፤ አባቴና እናቴ አባል ይሆናሉ፤ ትምህርቱ ያኔ የጋራ ነው። አባቴ ወዲያው ተስማሙ። እሳቸው ለአብዮቱ ብለው አይደለም፤ ልጃቸውን ከጎረምሳ ጋር ብቻዋን ላለመተው ነው። አብዮቱና አባቴ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

እንዲህ ሆኖ ጀመርን። በከሰል ግድግዳው ላይ ይስላል። «ካርቦን አራት እጅ አለው» ይላል፣ «አራቱም ካልተያዙለት አያርፍም።» ያ ሁሉ ሲያስተኛኝ የነበረ ነገር ቀስ በቀስ ዓይኑን ገለጠልኝ። ስሞቹ ግን ገደሉኝ። አልኬን፣ አልኪን፣ አልካይን፤ የቱ አንዴ እንደተያያዘ፣ የቱ ሁለቴ፣ የቱ ሦስቴ፣ ይምታታብኛል። አንድ ቀን ሦስተኛ ጊዜ ስሳሳት አባቴ ከጥግ ሆነው «ምኑ ያስቸግራል?» አሉ። «አንዴ የተያዘው ግዕዝ፣ ሁለቴ የተያዘው ካዕብ፣ ሦስቴ የተያዘው ሳልስ። ኬ፣ ኪ፣ ካ እያለ መልኩን ይለውጣል፣ ዘሩ ግን አንድ ነው። ፊደል እኮ ነው።»

አስተማሪዬ ከሰሉን እንደያዘ ቆመ። «ጓድ መሪጌታ፣ እንዴት ደስ ይላል!» አለና ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱም ካዕብ፣ ሳልስ እያለ ማስተማር ያዘ። አባቴ ደግሞ ሜቴን፣ ኢቴን፣ ፕሮፔን፣ ቡቴንን በዜማ አስይዘውኝ አረፉ። ደጅ የነበሩት የቆሎ ተማሪዎቻቸው ይሄ የየትኛው በዓል ድጓ ነው ብለው እናቴን ጠይቀዋታል። ዛሬም ሳልዘምረው አይመጣልኝም።

የማይስማሙበት ነገር ነበር። በአባቴ ቤት ተማሪ የመምህሩን እግር ያጥባል፤ እሳቸውም የየኔታቸውን እግር አጥበው ነው ያደጉት። ስለዚህ እሱ በመጣ ቁጥር ውሃ እንዳቀርብ ያዙኛል፣ እሱ ደግሞ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። «ይሄማ የፊውዳል ርዝራዥ ነው! ሰው የሰው እግር አያጥብም።» ውሃው እንደመጣ ይመለሳል። አባቴ የክርስትና ስሙን ሲጠይቁትም «የለኝም» ይላል። «አልተነሳህም?» «ረስቼዋለሁ።» አባቴ ከንፈራቸውን መጠው ይተዉታል። ሌላ ቀን ደግሞ ይጠይቁታል።

የካምፑ ኃላፊ አንድ ቀን ክበባችንን ሊጎበኝ ሳይታሰብ መጣ። ግድግዳው በካርቦን ተሞልቷል። አስተማሪዬ አመድ መሰለ። እኔም አለቀልን፣ ትምህርቱም ቀረ፣ ወግዲ ተሞሸርኩ ብዬ ቁጭ አልኩ። ኃላፊው አባቴን «ጓድ መሪጌታ፣ እስካሁን ምን ተገነዘቡ?» አላቸው።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ካርቦን የሚባል አለ» አሉ። «እጁ አራት ነው። ብቻውን መኖር አይሆንለትም። ከወንድሙ ጋር እጅ ለእጅ ሲያያዝ ሰንሰለት ይሆናል፤ ሰንሰለቱ ማለቂያ የለውም፤ የዓለም ፍጥረት የቆመው በሱ ነው።»

«ሠርቶ አደሩ ነዋ!» አለ ኃላፊው።

«ሃይድሮጂን ደግሞ አለ። እሱ ያለው አንድ እጅ ነው። አንዱን ከያዘ በኋላ ስለ ሌላው ደንታ የለው።»

«ንዑስ ከበርቴ!» አለ ኃላፊው በደስታ፣ አባቴንም አቀፋቸው። በመላው አውራጃ እንዲህ ያለ የነቃ ክበብ አላየሁም ብሎ ሄደ። አስተማሪዬ ኃላፊው እስኪርቅ ጠብቆ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። አባቴ ግን ሐሰት አልተናገርኩም፣ የተማርኩትን ነው የመለስኩ ብለው አንድም ቀን አልሳቁበትም።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። ዘማቾቹ እርስ በርስም ከመንግሥትም ጋር ተጣሉ። የታሰረ አለ፣ የሸሸ አለ። እሱም ለስብሰባ ደጎሎ ተጠራ ተብሎ ሄደና ቀረ። ፈተናው ደርሷል፣ ቤንዚን የሚባለው ክፍል፣ የመኪናው ሳይሆን የኦርጋኒኩ ቤንዚን፣ ገና አልተነካም። እኔ ግን መጨረሻ ላይ የማስበው ስለ ቤንዚኑ አልነበረም። በልቶ ይሆን፣ ይዘውት ይሆን እያልኩ ደጅ ደጁን አይ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከደጎሎ በእግሩ ነው የመጣው፣ መንገዱን ትቶ በገደሉ። ካኪውን አውልቆ የገበሬ ኩታ ለብሷል። «ወደ ዓባይ ልወርድ ነው፣ ጎጃም ልሻገር» አለ። «ቤንዚኑ ቀርቶብሽ እንዴት እሄዳለሁ?»

አባቴ ውሃውን እኔን አላዘዙኝም። ራሳቸው ቀድተው፣ ራሳቸው ተንበርክከው ጫማውን አወለቁለት። እግሩ ቆስሏል። ብድግ ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለም። እግሩን ዘረጋላቸው። አባቴ እያጠቡት እሱ ከሰሉን ተቀብሎኝ ከተቀመጠበት ግድግዳው ላይ ስድስት ካርቦን በክብ ሣለ።

«እጃቸውን ተያይዘዋል፤ አንዱ ግዕዝ፣ አንዱ ካዕብ፣ እየተፈራረቀ» አለኝ። «ግን ካዕቡ አንድ ቦታ አይቀመጥም። የነዚህ የሁለቱ ነው፣ የነዚያ ነው አትዪም። የስድስቱም ነው። ለዚህ ነው እንደ ሌላው በቀላሉ የማይፈታው።» ከዚያ ፈገግ አለ። «የማንም የግል አይደለም።»

አባቴ እግሩን በነጠላቸው አደረቁለት። «የኔታ» አሉት። የአገሩ ደብተራ ሁሉ የኔታ የሚላቸው አባቴ፣ ያንን ጎረምሳ የኔታ አሉት። «እንግዲህ የክርስትና ስምህን ንገረኝ።» ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው። እናቴ በሶ ቋጠረችለት፣ እሱም ወደ ዓባይ ወረደ።

ፈተናው ላይ ቤንዚን ለምን በቀላሉ እንደማይፈታ የሚጠይቅ ጥያቄ መጣ። አዳራሹ መሃል እንባዬን እየጠረግኩ መለስኩት። አለፍኩ። ወግዲ ሌላ ሙሽራ ፈለገ፣ እኔ መድኃኒት ቀማሚ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ስንቱ ሰው በእጄ መድኃኒት ወስዶ ድኗል፤ ሁሉም የሱ ነው።

እሱን ግን አየሁት ያለ ሰው አላገኘሁም። ብዙ ጠየቅሁ። አባቴ በየቅዳሴው የክርስትና ስሙን ከሕያዋን ጋር ያነሱ ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ «አባ፣ ከሙታኑ ጋር መሆን የለበትም ይሆን?» አልኳቸው። «ሲሞት አይተሻል?» አሉኝ። አላየሁም አልኳቸው። «ታዲያ ምን አስቸኮለሽ» ብለው ተቆጡኝ፤ ሊያርፉ ሲሉ ስሙን ለእኔ ነገሩኝ።

ዛሬ አባቴንና እናቴን ከሙታኑ ጋር አስጠራለሁ። እሱን ከሕያዋኑ ጋር። በቅርቡ አዲስ የመጣው ወጣት ቄስ ስሙን ሲሰማ ዘመድ መስሎት «ምንሽ ናቸው እናቴ?» አለኝ።

«የግል አስተማሪዬ ነው» አልኩት።