ለአጨዳው ዘፈን ተቀባይ ፍለጋ

አልበሙ ሊያልቅ አንድ ዘፈን ብቻ ቀርቶት ነበር። የቀሩትን ባሕር ዳር በተከራየናት ጠባብ ስቱዲዮ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው ስፖንጅ አዙሬ ቀድቻቸዋለሁ። ጊታር የሚጫወተውና ቀረጻውን የሚሠራው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ካየኝ ድምፄ ይጠፋል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ሲረዳ ወንበሬን አዙሮ አስቀመጠልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስቶት አያውቅም። ግጥሙም ዜማውም የራሴ ነው። መሠረቱ እኛ አገር የሚዘፈነው ዓይነት ሆኖ፣ በላዩ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ገብቶበታል። ሮክ ነው ስላቸው የሚስቁ ጓደኞች ነበሩኝ፤ ሲሰሙት ግን ድገሚልን ይሉኝ ነበር። ብዙ ነገር ያሳፍረኛል፤ ይህ ሥራ ግን አያሳፍረኝም።

የመጨረሻው ዘፈን የአጨዳ ነው። በእኛ በታች ጋይንት ገብስ ሲደርስ ጎረቤት ተጠራርቶ በደቦ ያጭዳል። አንዱ ግጥም ያወጣል፣ የቀሩት ይቀበሉታል። አባቴ አውጪ ናቸው። ሰው የእሳቸውን ደቦ የሚወደው በእናቴ ጠላ ብቻ ሳይሆን በድምፃቸውም ጭምር ነው። በልጅነቴ ኅዳር ሲገባ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ገና ወንዙን ሳልሻገር የማን ማሳ እንደሚታጨድ ከድምፃቸው አውቅ ነበር።

ስቱዲዮ ውስጥ የተቀባዮቹን ቦታ በራሴ ድምፅ ደራርቤ ሞላሁት። ጓደኛዬ ደጋግሞ አዳመጠና፣ ለራስሽ እየጮኽሽ ለራስሽ የምትመልሺ ትመስያለሽ አለኝ። ትክክል ነበር። ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ሰዎቹ ያሉት ደግሞ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ አባቴ።

አባቴ እንደምዘፍን አያውቁም ነበር። በእሳቸው ዘንድ እኔ ሂሳብ አያያዝ ተምሬ ባሕር ዳር ቢሮ የምሠራ ልጅ ነኝ። እኛ አገር ደቦ ላይ የሚዘፍን ሰው ይወደዳል። ዘፈንን ሥራዬ ብሎ የያዘ ግን አዝማሪ ይባላል፤ ስለ ሴት ልጅ ሲነገር ቃሉ ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ አባቴ እምቢ ቢሉ የሚቀረው አንድ ዘፈን ብቻ አልነበረም። ያለ እሳቸው ፈቃድ ምንም ላላወጣ ቆርጬ ስለነበር፣ አልበሙ ጭራሽ አይወጣም ነበር።

መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ሳምንት ጠብቀን ከጓደኛዬ ጋር በነፋስ መውጫ በኩል ገባን። ለእናቴ አስቀድሜ በስልክ ነግሬያት ነበር። እኔ አልነግርልሽም፣ አፍ አለሽ ብላ ዘጋችብኝ።

ለአባቴ የነገርኳቸው ደጃፍ ተቀምጠው ማጭድ ሲሞርዱ ነው። የሞረዱ ጩኸት የልቤን ምት የሚሸፍንልኝ መስሎኝ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። እሳቸው መሞረዳቸውን ቀጠሉ።

«ግጥሙን ማን ነው የሚሰጥሽ?»

«ራሴ ነኝ፣ አባዬ።»

«ዜማውንስ?»

«የዚህኛውን ከእርስዎ ነው የወሰድኩት። ስሰማው ያደግሁትን።»

የማጭዱን ስለት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ፣ እሁድ ሰዎቹ ይምጡና ይሞከራል አሉ። እሺ ይሁን እምቢ አልለየልኝም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን እንደለበሱ ግቢያችን ውስጥ ተሰበሰቡ። ጓደኛዬ ማይክሮፎኑን በመካከላቸው ተከለ። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ ስንኝ አወጡ፤ የተቀበላቸው ግማሹ ነው፤ የቀረው እርስ በርሱ ተያይቶ ሳቀ። እንደገና ጀመሩ፤ አሁንም መሃል ላይ ተቆረጠ። ከስማዳ፣ ከወገዳ አጠገብ የመጣው የአክስቴ ባል ሁለት እጆቹን ዘርግቶ እያየ፣ እነዚህን የት ላድርጋቸው አለ። ጓደኛዬ ምቱን ለመያዝ ብሎ እንዲያጨበጭቡ ጠየቃቸው። ማጨብጨብ ሲጀምሩ ዘፈኑ ወደ ሠርግ ዘፈን ሄደና እናቴ ከጓዳ፣ ሙሽራዋ ማን ናት ብላ ጠየቀች። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አልበሙን ወደ ሳጥን መልሶ እየከተተው ነበር።

ሰው ሲበተን አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ማክሰኞ የእኔ ገብስ ነው። ማጭድ ይዘሽ ነይ፤ እንግዳሽም ይያዝ።»

በደቦ ላይ ቆሞ ማየት ነውር ነው። ማሳው ውስጥ የገባ ወይ ያጭዳል ወይ ነዶ ይሰበስባል። ጓደኛዬ እንደ ድምፅ ቀጂ ዳር ሊቆም ስለማይችል ትንሿን መቅጃ በአባቴ የሸሚዝ ኪስ ከተታት፣ ማይክሮፎኗንም ኮሌታቸው ላይ ሰካ፤ እሱ ማጭድ ይዞ ከተርታው ጫፍ ገባ። የአክስቴ ባል አጠገቡ ነበር። «ቀስ በል አንተ፣ የምትገዘግዘው እግርህን ነው፤ ጊታር እንዳይመስልህ» እያለ እስከ ምሳ ሰዓት አሳቀበት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ሆኜ ነዶ እሰበስብ ነበር።

ባዶ እጃቸውን አፍረው የነበሩት ሰዎች ጎንበስ ሲሉ ሌላ ሰው ሆኑ። ማጭዱ ገብሱን ሲቆርጥ የሚሰማው ድምፅ ምቱ ነው። አባቴ ያወጣሉ፤ ተርታው አንድ ክንድ ወደ ፊት ሲጎተት ይቀበላል። ስንኙም ትንፋሹም ከጎንበስ ቀናው ጋር የተሰፋ ነው። እስከ ረፋድ ድረስ፣ የመጣሁበትን አገኘሁ፣ አሁን ይበቃኛል እያልኩ ነበር።

በደቦ ደግሞ አንድ ልማድ አለ። አውጪው በፈለገበት ሰዓት ስንኙን ወደ አንድ ሰው ይወረውራል። የተወረወረበት ሰው ማጭዱን ሳያቆም የራሱን ስንኝ መመለስ አለበት። ካቃተው እስከ ማታ መሳቂያ ነው፤ ከመለሰ ግን አውጪው ቦታውን ይለቅለትና ራሱ ከተቀባዮቹ ጋር ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወረወረው በወንዶቹ መሃል ነው። ስለዚህ እኔ ጋ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። አባቴ ቀና ሳይሉ፣ ወደ ኋላም ሳያዩ እንዲህ አሉ፦

ገብሱ ቢጫ ሆኖ ነፋስ ሲያወዛውዘው፣
የከተማዋ ልጅ ድምፅሽን ምን ያዘው?

ተርታው ተቀበላቸው፤ ተቀብሎም ጠበቀ። ማጭዶቹ አልቆሙም። ያቀፍኩት ነዶ አንገቴን ይወጋኛል። አጠገቤ ያለችው እናቴ ገለባ ከፀጉሯ እያራገፈች ሌላ ቦታ ታያለች። ፊቴን የማዞርበት ግድግዳ የለም፤ ከፊት ለፊቴ ያለው የጎነበሰ ጀርባ ብቻ ነው። ምናልባት የረዳኝ እሱ ነው፤ ማንም አያየኝም ነበር። የሁሉም ዓይን ገብሱ ላይ ነው። እኔም አጎነበስኩና አወጣሁት፦

ከተማ ብቀመጥ ፊደል ብቆጥርበት፣
ድምፄስ እዚሁ ነው ማጭድዎ ካለበት።

ድምፄ መጀመሪያ ቀጥኖ ወጣ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ዳገቱን ጨረሰ። ከዚያ ተቀበሉኝ። ያ ሁሉ ጀርባ አንድ ላይ ቀና ብሎ አንድ ላይ ሲመልስልኝ በእግሬ ሥር ያለው መሬት ሁሉ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ሌላ ስንኝ ደገምኩ፤ ሌላም። ስቱዲዮ ውስጥ ስንት ቀን ለምኜው እምቢ ያለኝ ድምፅ ሳልጠራው ይመጣ ነበር። አባቴ ቦታውን ከለቀቁልኝ በኋላ ማሳው እስኪያልቅ ድረስ መልሰው አልወሰዱትም። የአክስቴ ባል ብቻ አንዴ ከተርታው ጫፍ፣ ይቺን ልጅ ቢሮ ዘግተውባት ነው ለካ የከረሙት አለ።

ባሕር ዳር ተመልሰን ቀረጻውን ስንከፍተው አንድ ያላሰብነው ነገር አገኘን። ማይክሮፎኗ የአባቴ ኮሌታ ላይ ስለነበረች የእኔ ድምፅ ከሩቅ፣ ከማሳው ወዲያ ጫፍ የሚመጣ ይመስላል። ቅርብ ሆኖ የሚሰማው የእሳቸው ነው፤ ማጭዳቸው፣ ትንፋሻቸው፣ ከዚያ እኔን ሲቀበሉ ያለው ድምፃቸው። ጓደኛዬ የእኔን ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ አጥርተን እንቅዳው አለኝ፤ እንደ ባለሙያ ትክክል ነበር። እምቢ አልኩት። ሰውን እምቢ ማለት ይከብደኛል፣ ያን ቀን ግን ቀላል ነበር። አልተከራከረኝም። ድራሙን የማሽን ምት ትቶ በማጭዱ ምት አስመታው፤ ጊታሩን ገብሱ እስኪያልቅ ዝም አሰኝቶ መጨረሻ ላይ ብቻ ለቀቀው። ከአልበሙ ዘፈኖች ሁሉ ይበልጥ የምኮራበት እሱ ነው።

አልበሙ ወጥቶ ትንሽ እንደቆየ ልጠይቃቸው ሄድኩና ዓርብ ቀን አባቴን ተከትዬ ገበያ ወጣሁ። አህያው ገብስ ተጭኗል። ገበያው መግቢያ ላይ ደቦአችን ላይ ያልነበሩ አንድ እኩያቸው አገኙን። ከእኔ ጋር ከተሳሳሙ በኋላ ወደ አባቴ ዞረው፣ «ልጅህ አዝማሪ ሆነች አሉ፤ ወሬ ነው ወይስ እውነት?» አሉ። ከኋላቸው የቆመ ሰው ሳቀ። እኔ የአህያውን ጭነት እንደማስተካክል ሆኜ ጎነበስኩ።

«እውነት ነው» አሉ አባቴ። «ሰምተኸዋል እንዴ?»

ሰውየው ልጃቸው ስልካቸው ላይ እንደጫነላቸው፣ ግን እስከ መጨረሻው እንዳልሰሙት ተናገሩ።

«እንግዲያው የመጨረሻውን ዘፈን ክፈተው። እሷን ለእኔ ተውልኝ፤ እሷ ስታወጣ የሚቀበላትን ሰውዬ ለይልኝ።»

ሰውየው ስልካቸውን አውጥተው እየፈለጉ ቆዩ፤ ከዚያ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በሌላ እጃቸው ሌላውን ጆሯቸውን ከገበያው ጫጫታ ደፈኑት። አባቴ ለመሄድ አልቸኮሉም። አህያውን ከመንገዱ ዳር አቆሙና፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ እስኪለዩት ድረስ ጠበቋቸው።