አያ ፈንታው ዶክተሩን የጠየቁት

ዶክተሩ አጥንቱን ወደ ባትሪው ብርሃን አስጠግቶ አገላበጠና «ይሄ የከብት አይደለም» አለ። እኔም ቶሎ ብዬ ተረጎምኩት... ምነው አፌን በያዘኝ ኖሮ።

ነገሩ የሆነው ኢሕአዴግ ሊወርድ ሦስት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ያኔ ላሊበላ አስጎብኚ ነበርኩ። አንድ የአጥንት ተመራማሪ ፈረንጅ፣ ስለ ጥንት ነገርና ስለ እንስሳት ለዩቲዩብ ቪዲዮ ከሚሠራ አንድ የአገሩ ልጅ ጋር መጣና ከኩልመስክ ወዲያ ወዳለ ገደል ይዤያቸው ሄድኩ። ዶክተሩ የሚያጠናው የጅብ ዋሻ ነው። የዛሬ ጅብ አጥንት እንዴት እንደሚያኝክ ካየ፣ በጥንት ዋሻ የተገኘውን አጥንት ሰው ይብላው አውሬ ለመለየት ይረዳዋል።

መንገዱን ያሳዩን የዚያው አገር ገበሬ አያ ፈንታው ናቸው። ስልሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። ጅቦቹ ዋሻውን ለቀው ከሄዱ እንደቆዩ ነገሩን።

መንገድ ላይ ሁለቱ ፈረንጆች ይከራከራሉ። ቪዲዮ ሠሪው «ሰውን ከእንስሳ የለየው ምንድን ነው?» ሲል፣ ዶክተሩ «ለኔ፣ የሞተበትን መቅበሩ ነው» አለው። አያ ፈንታው ምን እንደሚባባሉ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። እርምጃቸውን አፈጠኑ።

ዋሻው ውስጥ የአህያ መንጋጋ፣ የበግ ቀንድ፣ የበሬ ጎድን ተከምሯል። ከዚያ መሀል ነው ያ አጥንት የወጣው።

«የሰው ጭን ነው» አለ ዶክተሩ።

ቪዲዮ ሠሪው ካሜራውን እያስጠጋ «ስንት ሺህ ዓመት ይሆነዋል?» አለ በጉጉት።

ዶክተሩ አጥንቱን በጣቱ ዳበሰው። «ሺህ? የለም። እንደ እኔ ግምት ሰላሳ ዓመት ቢሆነው ነው።»

ከዚያ ዓመት ላይ ሰላሳ ሲቀነስ የት እንደሚያርፍ ለላስታ ሰው አይነገረውም... ሰባ ሰባት፣ የረሃቡ ዓመት።

አያ ፈንታው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አሉኝ። «ጅቡ ሲያገኛት ሞታ ነበር ወይ በለው።»

«ማንን ነው፣ አያ?»

«ባለቤቴን።»

ከዚያ ተናገሩ። በዚያ ክፉ ቀን ሚስታቸውንና የአራት ዓመት ልጃቸውን ይዘው እርዳታ ይታደላል ወደተባለበት ተነሡ። ከዚህ ገደል ሥር ሲደርሱ ሚስታቸው መራመድ አቃታት። እሳቸውም ሁለቱን የሚሸከሙበት ጉልበት አልነበራቸውም። ልጅቱን አቅፈው ሄዱ። ስንት ቀን ቆይተው ሲመለሱ ያገኙት ነጠላዋን ብቻ ነው።

«ስሄድ ትናገር ነበር» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «እሷን አድርስልኝ ነው ያለችኝ...»

ለዶክተሩ ነገርኩት። አጥንቱን ደግሞ ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። በኋላ «ጅቡ የነከሰው አጥንቱ ገና ርጥብ ሳለ ነው፤ ይሄን አያለሁ። ያን ጊዜ ትተነፍስ እንደሆነ ግን ከአጥንት አይታወቅም። የእሷ መሆኑንም አላውቅም» አለ።

ልዋሽላቸው አሰብኩ። «ሞታ ነበር ብሏል» ማለት ምን ያቅተኛል? ግን ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ነበር... እንዳለው ነገርኳቸው።

«እግዜር ይስጠው» አሉ። «ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሞታ ነበር፣ ሞታ ነበር ይለኛል። አንድም ያየ የለም።»

ቪዲዮ ሠሪው መቅረጹን ይቀጥል እንደሆነ አስጠየቀኝ። አያ ፈንታው ዞረውም አላዩት። «ይቅረጽ። ያን ጊዜም ከእህሉ ቀድሞ የደረሰልን ካሜራ ነው።»

ከዚያ ጋቢያቸውን አነጠፉ። ዶክተሩ ተንበርክኮ የሰው ነው ያለውን እየለየ ያስቀምጥላቸው ጀመር። «የአንድ ሰው ብቻ አይመስለኝም» ሲላቸው «የማንም ይሁን፣ የሰው ነው» አሉ። በማግስቱ በደብራቸው ቅጽር ተቀበረ። ቄሱ ስም ሲጠይቋቸው የሚስታቸውን የክርስትና ስም ሰጡ። «የሌሎቹስ?» ቢሏቸው «እሱ ያውቃቸዋል» ብለው ወደ ላይ አዩ።

ከወራት በኋላ ቪዲዮው ወጣ። በሙሉ ስለ ጅብ ነው። አያ ፈንታው ለጥቂት ሴኮንድ ብቅ ይላሉ፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸውን ግን የሚያስፈራ ሙዚቃ ውጦታል። ከሥሩ ሰው እየተሳሳቀ አስተያየቱን ደርድሯል። ለምን እንዲህ አደረግህ ብዬ ለቪዲዮ ሠሪው ጻፍኩለት። «ሰው የሚመጣው ጅቡን ሊያይ ነው፤ ካዘነ ጥሎ ይወጣል» ብሎ መለሰልኝ።

አያ ፈንታው ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ወልድያ ያገባችው ልጃቸው ስልኬን አፈላልጋ ደወለችልኝ። ቪዲዮውን አንድ ዘመድ አሳይቷታል።

«ወንድሜ፣ አባቴ እዚያ ውስጥ ምን እያለ ነው?»

ብደብቃት ደስ ባለኝ። ግን የአባቷ ድምፅ ነው፣ የእሷ ነው... «እናትሽ ጅቡ ሲያገኛት ሞታ ነበር ወይ ብለው ነው የጠየቁት» አልኳት።

በር ስትዘጋ ተሰማኝ።

«አልሞተችም ነበር» አለች። «ጥሏት ሲሄድ ደረቱ ላይ አቅፎኝ ነበር። አገጬ ትከሻው ላይ፣ ፊቴ ወደ ኋላ። መንገዱ እስኪታጠፍ ታየን ነበር። ከዚያ እጇን አነሳች... ጥሪው ማለቷ ይሁን ቻው ማለቷ እስከዛሬ አላውቅም። ዝም አልኩ።»

«አራት ዓመትሽ ነበር እኮ» አልኳት።

«አዎ። ብጠራው ይመለስ ነበር። ሦስታችንም እዚያው እናልቅ ነበር።»

«ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?»

«እንዴት ብዬ?»

እሳቸው «ትጠይቀኝ ይሆን» እያሉ፣ እሷ «ይጠይቀኝ ይሆን» እያለች፣ እስክትዳር ድረስ ከአንድ ትሪ ሲበሉ ኖሩ።