ያልተሰነጠቁት እንቁላሎች

ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ የእናቴን ዶሮዎች ሲፈጅ የተረፈችው አንዲት ብቻ ነበረች። እናቴ ከጎረቤላ ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ በሚወስደው መንገድ ዳር ብቻዋን ትኖራለች፤ ቤቷን የምታቆመው እንቁላል እየሸጠች ነው። ወንድሞቼ ወዲያው «ቤቱን ዘግታ ደብረ ብርሃን አንቺ ጋ ትምጣ» አሉ። በዓል ሲሆን ብቻ ብቅ የሚሉ ሰዎች መፍረድ አይከብዳቸውም። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ፤ ኪራይ ክፍሌ ውስጥ እጇን አጣጥፋ ከተቀመጠች ዓመትም አትከርምም።

ስለዚህ ለተረፈችው ዶሮ የሚታቀፍ እንቁላል ላደርስላት ቆረጥኩ። አውራ ዶሮ ካላቸው ጎረቤቴ ምርጥ ምርጡን ገዛሁ። ካርቶን ውስጥ ጭድ ጠቅጥቄ ደረደርኩት፤ ከዚያ ካርቶኑን ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ብረት ጋር በሲባጎ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ስንደርስ አንድም አልተሰነጠቀም። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

ዶሮዋ ጊዜዋን ጠብቃ ታቀፈች፤ አንድም ጫጩት አልወጣም። ሄጄ አንዱን ሰበርኩት። ሽታው አይጣል ነው፤ አስኳሉና ነጩ ተደበላልቆ ውሃ ሆኗል።

«ተይው ልጄ፣ ከእንግዲህ ዶሮ አይሆንልኝም። ወንድሞችሽ ያሉት ይሻላል» አለችኝ እናቴ።

ስመለስ የኋላ ወንበር ደረሰኝ። ኮረኮንቹ ላይ፣ ወለሉ ላይ ያቆምኩት የውሃ ፕላስቲክ አረፋ እስኪያወጣ ይንቀጠቀጣል። አንስቼ ጭኔ ላይ ሳደርገው ረገብ አለ። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ያው ነው። ያኔ ገባኝ። ከመኪናው ብረት ጋር ያጣበቅኩት እንቁላል ቅርፊቱ ቢተርፍም ውስጡ መንገዱን ሙሉ ሲናጥ ነበር። በራሴ ተናደድኩ፤ ደስም አለኝ፤ የእናቴ ዕድል መጥፎ ሆኖ አልነበረማ!

ዶሮዋ ባዶ ጎጆዋ ላይ እንደተደፋች ናት፤ እሷም እንደ እኔ እልኸኛ ሳትሆን አትቀርም። እናቴን አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክር ብዬ ለመንኳት። ከዚያ አዲስ እንቁላል ይዤ ሚኒባሱ ውስጥ መሃል ወንበር ተቀመጥኩ። ጋቢዬን አጣጥፌ ጭኔ ላይ፣ ካርቶኑን ከላዩ አደረግኩ።

«እህቴ፣ አምጪው ከላይ ልሰረው» አለ ረዳቱ።

«አይታሰርም።»

«እስከዚያ ድረስ ልታቅፊው? ልጅ ነው እንዴ?»

«ከልጅም ይብሳል!» አልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ። እግሬ ደነዘዘ፤ ካርቶኑን ግን ለማንም አልሰጠሁም።

እናቴን «መንገድ ነቅንቆታል፤ ዛሬ አይታቀፍም፣ ይረፍ» አልኳት።

«እንቁላል ደግሞ ምን ደክሞት?» ብላ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

የመፈልፈያው ጊዜ ሲደርስ ስልኬን ከእጄ አልለይ አልኩ። ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ስልኩን ዶሮዋ አጠገብ አስጠግታው ኖሮ የጫጩት ጩኸት ጆሮዬን ሞላው። እዚያው ቢሮዬ ውስጥ እንባዬ መጣ። ቀጥሎ የእሷን ድምፅ ሰማሁ።

«ለወንድሞችሽ ንገሪያቸው፤ ቤቴን አልዘጋም።»