ሳይነበብ የሚያልቅ ወር

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚወጣው ሰርቪስ ገና ሳይንቀሳቀስ ስምረት ስልኳን ታወጣለች። አንድ የዜና መጽሔት ለአንድ ወር በነፃ ያስነብባል፤ የወደደ ከዚያ በኋላ ይከፍላል። እሷም ለራሷ ቃል ገብታለች። በዚህ ወር አንድ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ካነበበች ትከፍላለች። ካቃታት ደግሞ፣ ያቺ ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ ዜና ታነብ የነበረችው የድሮዋ ስምረት ላትመለስ ሄዳለች ማለት ነው።

የመረጠችው የውሃ ጉድጓዱ ስለደረቀበት መንደር የተጻፈውን ነው። ሰዎቹ አዲስ ይቆፍራሉ። ቆፋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ ይወርዳል፤ እርጥብ አፈር በመዳፉ ይዞ ይወጣል። እዚህ ስትደርስ ፊደሎቹ ይተራመሳሉ። ቀኑን ሙሉ ሱሪ ስትሰፋ ውላ፣ ዓይኗ እንደተገለጠ ማየት ያቆማል። ዓይን ተገልጦም መተኛት አለ ለካ። በማግስቱ ያቆመችበት ይጠፋትና እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች።

እንቅልፍ እንዳይጥላት ድምፅ አውጥታ ስለምታነብ አጠገቧ የምትቀመጠው ሀሊሞም ቆፋሪውን ታውቀዋለች።

"ውሃው ዛሬም አልወጣም?"

"እርጥብ አፈር ላይ ነን።"

"አቦ፣ ሰውዬው እገመዱ ላይ ጡረታ ሊወጣ ነው።"

የወሩ የመጨረሻ ቀንም ስምረት እዚያው ቦታ ላይ ተኛች። ጭንቅላቷ መስታወቱን እየመታ እንኳ አልነቃችም። ሀሊሞ ስልኩን ከእጇ ቀስ ብላ ወሰደች። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፤ የምታነበው ፊደል በፊደል፣ ከጉድጓድ ድንጋይ እንደሚያወጣ ሰው እያረፈች ነው። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን ተዉ። ዝም ስትል "ቀጥይ እንጂ" አሏት።

ስምረት ስትነቃ ሰርቪሱ ከተማ ገብቷል።

"ወጣ?" አለች።

"ወጣ። ግን ጨዋማ ነው። ለከብት ይሆናል ብለዋል።"

ስምረት ከመስታወቱ ቀና አለች። "እኔ እንግዲህ አልጨረስኩትም። ይቅር፣ ዝጊው።"

"እኔስ ብቻዬን መቼ ጨረስኩት? መጀመሪያውን ያነበብሽው አንቺ ነሽ። እስክትተኚ ያንቺ፣ ከዚያ ወዲያ የኔ። ክፍያውም እኩል።"

"መጨረሻውን በየቀኑ ልትነግሪኝ?"

"ሀዬ፣ እነግርሻለሁ። ጨውም ቢሆን አልዋሽሽም።"

ሀሊሞ ስልኩን ዘረጋችላት። ስምረት አልተቀበለችም።

"'ክፈል' የሚለውን አንቺው ተጫኚው፤ ጣቴ ዝሏል" አለችና ግንባሯን መልሳ መስታወቱ ላይ አስደገፈች። መውረጃቸው ገና ትንሽ ይቀረው ነበር።