ዘጠነኛዋ ዶሪን

ዶሪን ካስቴላኖ ሃያ ስድስት ዓመት የጋዜጣ ገጽ ስታቀናብር ኖራ፣ ጋዜጣው ሲዘጋ ነው ኦክላንድ ወዳለው፣ ቢሮ ወዳደረግነው መጋዘን የመጣችው። ዘጠኝ ነን፤ ከእሷ በቀር ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው የለም። የምንሠራው አንድ ሰሌዳ ነው፤ እንደኛ ያሉ ጀማሪ ኩባንያዎች ጠዋት ኮምፒዩተራቸውን ሲከፍቱ ሥራውን፣ ቀጠሮውን፣ ሰነዱን፣ መልእክቱን ሁሉ በአንድ ገጽ እንዲያገኙት። ይህንኑ የሚሠሩ ሌሎች መቶ ኩባንያዎች እንዳሉ እናውቃለን። ቢሆንም ዓለምን እንለውጣለን ብለን ምለን ተገዝተናል።

እኛ ማንንም ሳንጠይቅ ስንሠራ፣ ዶሪን እርሳስና ደብተር ይዛ ደንበኞች ቢሮ ትሄድና ከጎናቸው ተቀምጣ ትውላለች። ምን እንደሚፈልጉ አትጠይቃቸውም፤ ምን ሲጠፋባቸው እንደሚናደዱ አይታ ትጽፋለች። ስትመለስ ገጹ ላይ ሦስት ነገር ብቻ አስቀረች፦ ዛሬ ምን አለ፣ ማን ማንን እየጠበቀ ነው፣ ምን ተወሰነ። በስተቀኝ በኩል ሰፊ ባዶ ቦታ ተወች።

“ይሄ ምን ይሠራል?” አላት ብሬደን፣ የሃያ ሰባት ዓመቱ አለቃችን።

“ምንም። ዓይን ያርፍበታል።”

“ዶሪንዬ፣ ገንዘብ ያፈሰሱብን ባለሀብቶች ለባዶ ቦታ አይከፍሉም እኮ!”

እዚያ ቦታ ላይ የሠራተኛ ደረጃ እንዲገባ ፈለገ። ማን ስንት ሥራ እንደጨረሰ፣ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ፣ በየደቂቃው የሚታደስ። ዶሪን አሻፈረኝ አለች።

“ይሄን ያስገባህ ቀን ሰዉ ሥራውን ትቶ ሰሌዳውን ይሠራልሃል።”

“አይ የጋዜጣ ሰው! ካልተስማማሽ ግድ የለም፣ የሚስማማው እንፈልጋለን” ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን።

ቀልድ እንዳልሆነ ገብቷታል። ባሏ ራልፍ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቱን ይታጠባል፤ የሚታጠበውም በእሷ መሥሪያ ቤት የጤና መድን ነው። ሥራው ከቀረ መድኑም ይቀራል፤ እዚህ አገር እንዲህ ነው። በማግስቱ ደረጃውን ነድፋ አመጣችው። ደግሞ ማማሩ! ክፉ ነገር ጥሩ እጅ ሲገባ የባሰ ያምራል።

ሥራውን የሚቆጥረውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚህ ሙያ ያበሰልከውን መጀመሪያ ራስህ ትቀምሳለህ የሚል ደንብ ስላለ፣ ሰሌዳውን በራሳችን ላይ ጀመርነው። በሁለተኛው ሳምንት የግማሽ ቀን ሥራዬን በስድስት ከፋፍዬ፣ ስድስቱንም ጨረስኩ ብዬ ሁለተኛ ወጣሁ። ሌሎቹም ከኔ አላነሱም። ጠዋት ለአጭሯ ስብሰባ ክብ ሠርተን ስንቆም ሁሉም በደረጃው ይፎክራል። ዶሪን ሁልጊዜ ዘጠነኛ ናት። የደብተር ሥራ አይቆጠርም፤ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ማየትም አይቆጠርም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ቡሪቶዋን እንደያዘች፣ “ኬንት፣ ደብተሬንም የሚቆጥርልኝ ነገር ጨምርልኝ እንጂ” አለችኝ።

“በሚቀጥለው ሳምንት።”

“አደራ። አንተ ነህ ያለኸኝ።”

የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። አልሠራሁትም። አንድ ሰው ዘጠነኛ መሆን ነበረበት፣ እኔ እንዳልሆን ፈርቼ ነው። ያኔ ግን ጊዜ አጣሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

በኦክቶበር ባለሀብቶቹ ሰው ቀንሱ አሉ። ብሬደን አላመነታም። “ያበሰልነውን እንቀምሳለን ብለን የለ? ሰሌዳው ይወስን” አለ።

ቀኑ የወሩ መጨረሻ፣ ዓርብ፣ ሰው ሁሉ አስቂኝ ልብስ ለብሶ የሚውልበት የሃሎዊን በዓል ነበር። ብሬደን ሙዝ የሚያስመስለውን ልብሱን እንደለበሰ ዶሪንን ግድግዳው መስታወት ወደሆነው የስብሰባ ክፍል ጠራት። እኔንም ስሟን ሰሌዳው ላይ እንድዘጋ ኮምፒዩተሬን አሸክሞ አስገባኝ። ስሟ ከተዘጋባት ደቂቃ ጀምሮ ሠራተኛችን አይደለችም ማለት ነው። የተለማመደውን የማሰናበቻ ንግግር አሰማት፤ እሷም እስከ መጨረሻው ሰማችው።

“አንድ ነገር ብቻ ብሬደን” አለችው። “ሰኞ አድርገው። ሰኞ አዲስ ወር ነው። ሰኞ እዚህ ከዋልኩ ራልፍ የአንድ ወር መድን ያገኛል። እስከዚያ ሌላ እፈልግለታለሁ።”

“በጣም ነው የማዝነው ዶሪን። ግን ሰሌዳው ላይ ዛሬ ተብሎ ገብቷል፣ ባለሀብቶቹም አይተውታል። ከእጄ ወጥቷል በቃ።”

ውሸቱን ነው። ቀኑ በኔ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ቁልፍ በመጫን ይቀየራል፤ ሰኞ ቢሆን ባለሀብቶቹ ልብም አይሉትም ነበር። ዶሪን ይህን ታውቃለች፤ ገጹን የነደፈችው እሷ ናት። ሙዙን ትታ ወደ እኔ ዞረች። አልለመነችኝም፤ ጠበቀችኝ።

እኔ የብሬደንን ፊት አይቼ ስሟን ዘጋሁት።