ጭንብሉ የወለቀ ዕለት

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት ስመለስ አውቶቡሳችን አኖ የምትባል ከተማ ላይ ቆመ። ትኩስ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ መፈልፈል ስጀምር፣ ከኋላዬ ሁለት ሴት ተማሪዎች በስልካቸው ጌም ውስጥ ስላለ ገጸ ባሕርይ ይሟገታሉ። አንዷ «ወንድ ነው፤ እኔ ደግሞ ወድጄዋለሁ» ትላለች፤ ጓደኛዋ «ሴት ናት!» ብላ ድርቅ። በቆሎዬን ረስቼ ጆሮዬን ቀሰርኩ። ይህን ጠብ አውቀዋለሁ!

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አባ ጫላ የምንላቸው ሰውዬ ነቀምት ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ጌም ቤት ነበረቻቸው። እዚያ የምገባ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎጃሜዋ እናቴ ቤተ መጻሕፍት የሄድኩ ይመስላት ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እግሬን የሚጎትተው አንድ ተዋጊ ነው፤ ፊቱን በጭንብል የሸፈነ፣ ቀጭን፣ ሲዘል መሬት የሚነካ የማይመስል። ወደድኩት። በደብተሬ ጀርባ ስሙን ከስሜ ጎን እስከ መጻፍ ደረስኩ።

የክፍሌ ልጅ ገመቹም ይኸንኑ ተዋጊ ወዷል፤ እሱ ግን ሴት ናት ባይ ነው። አንድ ቀን ሁሉም እየሰማ፣

«ያ አስቴር» ብሎ በኦሮምኛ ጠራኝና፣ «ሴት ብትሆንስ?» አለኝ።

«ወንድ ነው! ሴት ከሆነ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልረግጥም!»

«እሺ፣ ወንድ ከሆነ እኔም አልረግጥም።»

እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ከጌም ቤቱ መቅረቱን ብቻ አልነበረም። ሴት ከሆነ፣ ያ ሁሉ ፍቅሬ ምን ሊባል ነው?

ጭንብሉ የሚወልቀው በዚያ ተዋጊ ተጫውቶ የመጨረሻውን ግዙፍ ጠላት ለጣለ ሰው ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሞክረን አቃተን። እኔ መምታት እንጂ መሸሽ አልችልበትም፤ ገመቹ ደግሞ ሽሽት እንጂ ምት አያውቅም። በመጨረሻ አባ ጫላ ጭቅጭቃችን ሰለቻቸውና፣

«አንዱን ጆይስቲክ ለሁለት ያዙት! እሱ በግራ ያንቀሳቅስ፣ አንቺ በቀኝ ምቺ» አሉን።

ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ያዝነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከኋላችን ልጆቹ «ሩኩቲ! በለው!» ይላሉ። ጣቶቼ በላብ ይንሸራተታሉ። ገመቹ ዞር አደረገው፣ እኔ መታሁ፤ ዞር አደረገው፣ መታሁ። ግዙፉ ወደቀ! ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

ተዋጊው ጭንብሉን አወለቀ። አጭር ጸጉር፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ ትንሽ ፈገግታ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«አላልኩም!» ብለን ሁለታችንም እኩል ጮህን፤ ልጆቹም ለሁለት ተከፈሉ። አባ ጫላ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው ብዙ አዩ።

«እኔ እንጃ፤ ፊቱ ግን ቆንጆ ነው። ሁለታችሁም ነገ ኑ» ብለው ፈረዱ።

ወንድ ነው ብዬ ስጮህ ውስጤ እርግጠኛ አልነበረም። ለተዋጊው ያለኝ ፍቅር ግን ከቅድሙ ቅንጣት እንኳ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። ያ ያስጨነቀኝ ፍርሃት የት እንደገባ እንጃ፤ ደስ ብሎኝ በዝናቡ እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ።

አውቶቡሱ ሲነሳ ዞር ብዬ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ይህን ሁሉ ለተማሪዎቹ አወጋኋቸው።

«ታዲያ አዴ፣ ወንድ ነበር ሴት?» አለችኝ አንዷ እንደ እናቷ አክብራ።

«ዛሬም አላውቅም» አልኳት። «እንደዚያ ተንቀጥቅጬ የወደድኩት ግን ሌላ የለም።»

ይህን ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም።