ዘሃራ የቀረችበት ቀን

ምን ብዬ ልጻፈው? ሰማሁ እንጂ አላመንኩም። አሁንም አላመንኩም።

እኔ መምህር ሲቀር ተክቼ የማስተምር ሰብ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ ሥራ መጣልኝ። ኦክላንድ፣ አስረኛ ክፍል እንግሊዝኛ፣ ድንገተኛ። የመምህሯን ስም ሳይ ዘሃራ ናት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። የእሷን ክፍል መሸፈን ለሰብ እረፍት ነው። አክሴፕት አድርጌ ቴክስት ላኩላት፦ «አንቺም ትታመሚያለሽ እንዴ? ክፍልሽን ወረስኩት።»

ወረስኩት ብዬ! ምነው እጄን በቆረጠው።

በእሷ ስልክ መልስ የሰጠኝ ሳን ሆዜ ያለው ወንድሟ ከድር ነው። ደውሎ «ቴክስትህን አሁን አየሁት» አለኝ። ከዚያ ነገረኝ። ትናንት ከሥራ ስትመለስ ደረቷን አመማት፣ ሆስፒታል ወሰዷት፣ በዚያው ቀረች። የጀናዛ ሶላቱ ዛሬ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ እዚያው ሳን ሆዜ፣ ቀብሩም ወዲያው ነው።

ለማታውቋት፣ ዘሃራ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። እዚህ ተምራ ሃይስኩል ታስተምር ነበር። እኔ በዲቪ መጥቼ፣ አገር ቤት አስተማሪ እንደነበርኩ ለሰው መናገሩን ትቼ ራይድ ስሠራ፣ «አብሽር፣ ትመለስበታለህ» ብላ ወደ ክፍል የመለሰችኝ እሷ ናት።

እዚህ መምህር ድንገት ቢቀር ተተኪው የሚያስተምርበት ፕላን ቀድሞ አዘጋጅቶ መሳቢያው ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። ብዙው «ጸጥ ብለው ያንብቡ» ብሎ ይገላገላል። አልፈርድም፣ ሥራው ብዙ ነው። ዘሃራ ግን ትምህርት ሊከፈት ሲል ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ አንድ ካፌ ትጠራኝና ፕላኗን በእኔ ትፈትን ነበር። እኔ ሰብ፣ እሷ ተማሪ። ወንበሩ ላይ ተንጋላ፣ ስልኳን ጠረጴዛ ስር ደብቃ «ሚስተር፣ ባዝሩም ልሂድ?» እያለች ታደርቀኛለች። ከወረቀቱ ላይ መልስ ካጣሁ «ቆይ፣ ይሄማ አልተጻፈም» ብላ ቀጥ ትልና ትጽፋለች። አንድ ቀን አስተናጋጇ መጥታ «ተጣላችሁ እንዴ?» አለችን።

«ለማትኖሪበት ቀን ምን ያደክምሻል?» ስላት መልሷ ሁሌ አንድ ነው። «እኔ ልቅር፣ ትምህርቱ አይቅር።»

አንዴ ግን ወሎዬነቷ ጉድ ሠራት። ፕላኑ መጀመሪያ ላይ «እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ሰላም በል። ቤተሰቡን ጠይቅ። ፋይን ቢልህ አትለፈው፣ ደግመህ ጠይቅ» ብላ ጻፈች። አንድ ፈረንጅ ሰብ መጥቶ የተባለውን ሁሉ አደረገ። ደወሉ ሲደወል ገና ግማሹን ክፍል ሰላም እያለ ነበር! ባልደረቦቿ ሳቁባት፣ አውጪው አሏት። አላወጣችውም። «በር ላይ ሲገቡ» የሚል ብቻ ጨመረችበት።

ዛሬ ስደርስ ፕሪንሲፓሏ ዓይኗ ቀልቶ ጠበቀችኝ። ልጆቹ ተነግሯቸዋል፣ ካውንስለር አብራቸው አለች። «ጓደኛህ እንደሆነች አውቃለሁ። ቀብር ሂድ፣ ልጆቹን ላይብረሪ እናስቀምጣቸዋለን» አለችኝ። ልቤ ሳን ሆዜ ነበር። እኛ ዘንድ የወዳጅን ቀብር መቅረት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የመኪና ቁልፌን እንደያዝኩ ልጆቹን ልሰናበት ገባሁ።

ሜሮን የምትባል ተማሪ አለች። እዚህ የተወለደች ናት፣ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ቁልፉን አየችውና በእንግሊዝኛ «ሚስተር፣ አንተም ልትሄድ ነው?» አለችኝ።

እነዚህ ልጆች ትናንት «ደህና ዋሉ» ብላቸው የወጣች መምህራቸው አልተመለሰችላቸውም። እኔ ደግሞ እሷን ብዬ እነሱን ጥዬ ልወጣ ነው። ጃኬቴን አወለቅኩና ከመሳቢያዋ ፕላኑን አወጣሁ።

ልጆቹ ቀድመው ገብተው ስለነበር በየወንበሩ ዞርኩ። ስማቸውን እየጠራሁ ቤታቸውን ጠየቅኩ። ፋይን ያለኝ የለም። አንዷ «እናቴ ዛሬ ሥራ ቀርታ እኔን ትጠብቃለች» አለችኝ። አንዱ ረጅም ልጅ ደግሞ «አንተስ ሚስተር፣ የአንተ ቤት እንዴት ነው?» ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። ይሄን ያስለመደቻቸው እሷ ናት። ከዚያ የመረጠችላቸውን አጭር ታሪክ ተራ በተራ ጮክ ብለው አነበቡ። ድምፃቸው እየተቆረጠ አነበቡ። ሳን ሆዜ ሶላቱ ሲሰገድ ልጆቹ አቀርቅረው ይጽፉ ነበር፣ እኔም ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ።

ዘሃራ እህቴ፣ አፈር ሲያለብሱሽ አልነበርኩም። ከድር «ስለ አንተም አፈር ጨምሬያለሁ» አለኝ፣ አላጽናናኝም። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ልጆችሽ ጋ ነበርኩ።

ፕላንሽን ይዤው መጥቼ ሳገላብጠው የሦስት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ እቀራለሁ ብለሽ አላሰብሽም። የአራተኛውን ቀን እኔ እጽፈዋለሁ፣ እንደ አንቺ ባይሆንልኝም። አላህ ይዘንልሽ፣ ደህና ሁኚ።